ሌላ ሰው የነፋው ጡሩምባ

በሕይወቴ ጡሩምባ የነፋሁት ሦስት ጊዜ ነው። የመጀመሪያውን የነፋሁት ለፊልም ነው። አዎ፣ የእድር ጡሩምባ፣ የሞት ጡሩምባ፣ ለፊልም። ሞኝነቴን ከመጀመሪያው የምነግራችሁ ኋላ ከሌላ ሰው ሰምታችሁ ከምትታዘቡኝ ብዬ ነው። መርካቶ ውስጥ ጀሪካንና ሳፋ መሸጥ ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ ሰፈሩ "ፕላስቲኩ" ነው የሚለኝ። እኔ በዕቃዬ ምክንያት ይመስለኝ ነበር። ባለቤቴ ግን "ጭንቅላትህን አይተው ነው፤ ሲያንኳኩት ባዶ ይጮኻል" ትላለች።

ጋሽ ደርበው ማረፋቸውን የሰማሁት በቴሌግራም ነው። የእድሩ ግሩፕ ላይ ሁለት መስመር ተጽፎ አየሁ። ስንት ዓመት ሙሉ ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ጡሩምባ የነፉ ሰው፣ በራሳቸው ጠዋት ሰፈሩ ጭጭ ብሎ ነጋ። ማን ይንፋላቸው? ነፊው እሳቸው ነበሩ።

ረዥም፣ ደረቅ፣ ጎንበስ ማለት የማያውቁ ሰው ነበሩ። ቀን ቀን በርበሬ በረንዳ ቁጭ ብለው የጆንያ አፍ ይሰፋሉ። እዚያ የገባ ሰው ሳያስነጥስ አይወጣም። እኔ አንድ ቀን ሰላም ልላቸው ገብቼ፣ አሥራ አንዴ አስነጥሼ፣ ሰላም ሳልላቸው ወጥቻለሁ። እሳቸው ግን ከዚያ ቀይ አቧራ መሐል ሆነው ያንን ትልቅ መርፌ ሲያስገቡና ሲያወጡ ዓይናቸው እንኳ እንባ አያቀርም። "በርበሬ ሳንባ ያጠነክራል" ይላሉ። ሳንባውን ለጡሩምባው ይፈልጉታል።

ጡሩምባ የተማሩት ወታደር ቤት ነው። የድሮው ሠራዊት ሲበተን ከሰሜን በእግራቸው መጥተው መርካቶ የደረሱት ማሰሪያ በሌለው ጫማ ነበር። "ጠመንጃዬን አስረከብኩ፣ ጡሩምባዬን መንገድ ላይ በዳቦ ለወጥኩ፣ አፉን ግን ደበቅኩት" ይሉ ነበር። አፉ የሚሉት ከንፈር የሚያርፍበትን ትንሽ ናስ ነው። በደረት ኪሳቸው ይዘውት ይዞራሉ፤ የእድሩ ጡሩምባ ላይ ሰክተው ይነፋሉ፤ ሲጨርሱ በመሐረብ ጠርገው ወደ ኪሳቸው ይመልሱታል። ያለዚያ ናስ የእድሩ ጡሩምባ እንደታነቀ ፍየል ነው የሚጮኸው። ይህን በራሴ አፍ አረጋግጫለሁ።

የፊልምና የወግ ፕሮግራማችን የተጀመረው የሰፈሩ ልጆች ጦር ሜዳ ሄደው፣ ግማሾቹ ተመልሰው፣ ግማሾቹ ዝም ባሉበት ሰሞን ነው። ሐሳቡ የእድሩ ሊቀመንበር የሐጂ ከድር ነው። ሰዉ ወሬውን በየቤቱ ይዞ ከሚታመስ እሁድ ከሰዓት እድር አዳራሽ ይምጣ፣ የጦርነት ፊልም ይይ፣ ከዚያ የሚናገር ይናገር አሉ። አዳራሹ ከራጉኤል ብዙ አይርቅም። ስክሪን ስላልነበረን አቡጀዲ ግድግዳው ላይ ወጠርን። አቡጀዲው እድሩ ለከፈን ያስቀመጠው ነው፤ እድር ቤት ሌላ ምን ነጭ ጨርቅ ይገኛል? የጋሽ ደርበው ባለቤት እትዬ ዘውዴ አንድ ቀን መጥተው አይተው፣ እዚህ ጨርቅ ላይ ሰው ሲሮጥ ማየት አልወድም ብለው ሁለተኛ አልመጡም።

መድረኩን ለኔ የሰጡኝ በወጣትነቴ ቪዲዮ ቤት ፊልም አስተረጉም ስለነበር ነው። እንግሊዝኛ እችል ነበር ማለት አይደለም። ሰውዬው አፉን ሲከፍት እከፍታለሁ፣ ሲዘጋ እዘጋለሁ። አንዴ ጄኔራሉ ጦሩን ሲያዝ "ቂጣ አምጡልኝ" ብዬ አስተርጉሜ፣ ቀጥሎ መድፍ ሲተኮስ "ቂጣው አርሮበት ነው" ብዬ አልፌዋለሁ።

ጋሽ ደርበው ፊልሙን ቁጭ ብለው አያዩም። በሩ ጋ ይቆማሉ፣ አንድ ትከሻቸውን መቃኑ ላይ አስደግፈው። ፊልሙ ሲያልቅ፣ ሰው አጨብጭቦ ሲጨርስ፣ ሁልጊዜ ያቺኑ ጥያቄ ይጠይቃሉ።

"እና ሰውዬው ቤቱ ገባ?"

አንድ እሁድ ባዕድ ጦር አንዲት ትንሽ ከተማ ገብቶ ሲገዛ የሚያሳይ ፊልም አየን። አንድ አናጢ ጫካ ገብቶ ስንት ዓመት ይዋጋል። መጨረሻ ላይ ባዕዶቹ ይወጣሉ፣ ባንዲራ ይሰቀላል፣ ደወል ይደወላል። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም ቆሜ አጨበጨብኩ፣ አልዋሽም። ከበሩ ያ ድምፅ መጣ፤ ቤቱ ገባ ወይ? አገሩ ነፃ ወጣች እኮ ጋሼ አልኳቸው።

"አገሩንማ አየሁ" አሉኝ። "እኔ የጠየቅኩህ እሱን ነው።"

ፊልሙን ወደ ኋላ መለስኩት። እውነትም አናጢው የት እንደደረሰ አያሳይም።

አንዴ ደግሞ በግድ መድረክ ላይ ጎትቼ አወጣኋቸው። የተናገሩት ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም። ወታደር ቤት ጡሩምባ ነፊ የሚማረውን ዜማ በጣታቸው ቆጠሩልን፦ የማለዳ መቀስቀሻ አለ፣ የምግብ አለ፣ የማጥቂያ አለ፣ የማፈግፈጊያ አለ፣ የቀብር አለ። ከዚያ ጣታቸውን አጠፉ። "'ቤታችሁ ግቡ' የሚል ዜማ ግን አላስተማሩንም" ብለው ወደ በራቸው ተመለሱ።

ለምን እንደሚጠይቁ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አንድ ወንድ ልጅ ነው ያላቸው፣ ታደለ። ዘምቶ መጀመሪያ መጀመሪያ ይደውል ነበር፤ ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ጋሽ ደርበው በየቀኑ ሥራ ሲጨርሱ እጃቸውን ታጥበው ይደውላሉ። መዘጋቱን የምትናገረዋን የስልክ ሴትዮ እንደ ጎረቤት ለምደዋት ነበር። "ዛሬም እሷ ናት ያነሳችው" ይላሉ፣ ስልኩን እየከተቱ። በሩ ላይ ለምን እንደሚቆሙ አንዴ ስጠይቃቸው፣ የሚመጣ ሰው በመስኮት አይገባም አሉኝ።

አሁን ወደ ሞኝነቴ ልምጣ።

አንድ እሁድ ትልቅ የኳስ ጨዋታ ነበር። ሰዉ ሁሉ ዲኤስቲቪ ያለበት ቤት ተጠቅጥቋል። እኛ አዳራሽ አራት ሰውና አንድ ድመት አለን፤ ድመቷም ለፊልሙ አልነበረም የመጣችው። ቀና ስል ጡሩምባው ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ጭንቅላቴ ምን እንዳለኝ አላውቅም። አወረድኩት፣ በሩ ላይ ወጣሁ፣ ጉንጬን ወጥሬ ነፋሁት። ፍየሉ ጮኸ። ደገምኩት።

ከአምስት ደቂቃ በኋላ አዳራሹ ሞላ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ወንዶቹ ጋቢ ደርበዋል፤ ኳሱን ጥለው የመጡት ማልያቸው ላይ ጃኬት ደርበው አንገታቸውን ደፍተዋል። ሐጂ ከድር እያለከለኩ ደርሰው ማን ሞተ አሉኝ። ማንም፣ ፊልም ልንጀምር ነው አልኳቸው። ለግማሽ ደቂቃ ያህል ኩራት ቢጤም ተሰምቶኛል፤ ያን ያህል ተመልካች አግኝተን አናውቅማ። ከዚያ ሐጂ ወደ በሩ ዞር ብለው አዩና ፊታቸው አመድ መሰለ። ጋሽ ደርበው በሩ ላይ የሉም።

ያን እሁድ ለክፍለ ሀገር የሚጫን በርበሬ ስለነበር ሥራ ላይ ነበሩ። ጡሩምባውን ከዚያው ሰምተዋል። እንደ ሌላው ሰው ወደ አዳራሹ አልመጡም፤ ቀጥታ ወደ ቤታቸው ነው የሮጡት። እኔም ሮጬ ስደርስ እትዬ ዘውዴ ደጃፉ ላይ መሬት ተቀምጠዋል፣ ነጠላቸው ተዘቅዝቋል፣ ግን ገና አላለቀሱም። ጋሽ ደርበው ከአጠገባቸው ቆመዋል። መርፌው እጃቸው ላይ ነው፣ ረዥም ሲባጎ ይጎትታል።

እግራቸው ላይ ወድቄ ፊልም ነው፣ ማንም አልሞተም፣ እኔ ነኝ የነፋሁት እያልኩ ተንተባተብኩ። ይመቱኛል ብዬ ነበር። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። አንስተው አቆሙኝ።

"ስማ ልጄ" አሉኝ፣ ቀስ ብለው። "ጡሩምባ ነፊ ለራሱ ሐዘን አይነፋም። ሌላ ሰው ነው የሚነፋለት። በዚህ ሰፈር ጡሩምባ ተነፍቶ የነፋሁት እኔ ካልሆንኩ፣ የሞተው የኔ ሰው ነው። ገባህ?"

"ገባኝ ጋሼ።"

"አንተማ ገባህ" አሉ። "እሱ ነው ያልገባው።"

በሚቀጥለው እሁድ እንደ ወትሯቸው በሩ ላይ ቆሙ። ሳልፍ እጄን ያዝ አድርገው፣ "ዛሬ በአፍህ ጥራ፣ ፕላስቲክ" አሉኝ። ቂም አልያዙብኝም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ጡሩምባ ሚስማሩ ላይ ሳየው ፊቴን አዞራለሁ።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ አንድ ከግንባር የተመለሰ ልጅ እንዲያወራልን ጋበዝን። አሥር አለቃ ይታገሱ ይባላል፤ አንድ እግሩን ትቶ ነው የመጣው። ሰው ጀብዱ ሊሰማ አሰፍስፏል። ልጁ ግን ያወራው ስለ ጫማ ነው። የሰጡት ጫማ አንድ ቁጥር ይጠበው ነበር። እግሩ ከተቆረጠ በኋላም አውራ ጣቱን ጫማው ይጠበዋል፤ ሌሊት ሌሊት ሊፈታው እጁን ይሰዳል፣ እግሩ የለም። ጋሽ ደርበው ከበሩ፣ አንተስ ልጄ ቤትህ ገባህ ብለው ጠየቁት። ልጁ ዞር ብሎ አያቸው፤ ለረዥም ጊዜ አያቸው።

"ገብቼ ይሆናል አባቴ" አለ። "ገና አላወቅኩም።"

ሰዉ ከተበተነ በኋላ አቡጀዲውን ሳጥፍ ክራንቹን እያንኳኳ ወደኔ መጣ። በሩ ላይ የቆሙት የታደለ አባት መሆናቸውን ጠየቀኝ። አዎ አልኩት፤ በምን አወቅህ? በመልካቸው አለኝ። እሱና ታደለ አንድ ምሽግ ውስጥ ነበሩ። የጋበዝነው እኛ ብንሆንም እሱ የመጣው ለሌላ ጉዳይ ነበር፤ ሊነግራቸው። ሲያያቸው አቃተው።

"እኔ ነኝ ዓይኑን የከደንኩት" አለኝ። አጠገባችን ማንም አልነበረም፤ እሱ ግን በሹክሹክታ ነው የተናገረው። ያጠፍኩትን ጨርቅ ፈትቼ እንደገና አጠፍኩት፣ ሌላ የማደርገው ጠፍቶኝ።

ለሐጂ ነገርኳቸው። መርዶ እንደ ወሬ ዝም ብሎ አይነገርም፤ ዘመድ መሰብሰብ አለበት። የጋሽ ደርበው ሴት ልጅ ደብረ ማርቆስ ናት ያገባችው፤ እሷ እስክትመጣ ይቆይ፣ ሐሙስ ንጋት ይነገር ተባለ። አራት ቀን። ለአራት ቀን ሰፈሩ በሙሉ አውቆ ሁለት ሰዎች ብቻ ሳያውቁ ኖሩ። ሰው ጋሽ ደርበውን ሲያገኝ ሰላምታው ይረዝማል፣ እጃቸውን ቶሎ አይለቅም። በርበሬ በረንዳ ተሸካሚዎቹ እንኳ በሳቸው አጠገብ ሲያልፉ "ዞር በሉ" ማለት ተዉ።

እሳቸው ደግሞ ይህን ሁሉ ከውስጥ ነው የሚያውቁት። ስንት ቤት መርዶ ሲመከር እድር ቤት ቁጭ ብለው ሰምተዋል፤ ሰው መርዶ ሊረዳ ሲል ሰፈር እንዴት እንደሚለሰልስ ከሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ማክሰኞ ሱቄ መጡ። ቆመው አንድ ጀሪካን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉ። ሰሞኑን ሰው አይሞትም እንዴ አሉኝ። ጤና ነው ጋሼ አልኳቸው። ሰው ሲሞት ሐጂ መጀመሪያ የሚነግራቸው ለሳቸው ነው፤ ትናንት ሐጂን ሊያናግሩ ቢሄዱ ሐጂ ዓይናቸውን ሰብረው ስልክ የመጣላቸው መስለው ወጡ። ይህን ነገሩኝ። ከዚያ ሱቁ ውስጥ የነበረችውን በርጩማ ስበው ተቀመጡ።

"እስቲ አንድ ቀልድ ንገረኝ" አሉኝ።

እኔ ቀልድ! በልቅሶ ቤት ድንኳን ስር ቀልድ የማወራ ሰውዬ፣ በሠርጌ ቀን ካህኑን አስቄ የተቆጡኝ ሰውዬ! አፌን ከፈትኩ። ምንም። ያን የቂጣውን ላነሳ አሰብኩ፣ መድፉ ትዝ አለኝ፣ ተውኩት። ጋሽ ደርበው አፌን እያዩ ጠበቁ። ልክ ፊልም ሲያልቅ እንደሚጠብቁት።

"ተወው" አሉኝ ቀስ ብለው። ጉልበቴን መታ መታ አድርገው ተነስተው ሄዱ።

ሐሙስ ንጋት ጡሩምባ የሚነፋ ሰው ተፈለገ። እሳቸው አይነፉም። ከሰፈሩ ሰው አፉን አስጠግቶበት የሚያውቅ አንድ ብቻ ነው፤ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ናሷ በሳቸው ኪስ ስለሆነች ያለ አፍ ልነፋው ነው። የተነገረኝ ቀላል ነው፦ ሽማግሌዎቹ ይገባሉ፣ ይነግራሉ፣ ሐጂ ሚስ ኮል ያደርጉልኛል፣ ያን ጊዜ እነፋለሁ። መንገዱ ጫፍ ላይ ቆምኩ። ይበርዳል፣ ጉንጬ ደንዝዟል። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ነፋሁ።

የደወለችው ባለቤቴ ናት። የቤቱን ቁልፍ ይዤባት ወጥቼ።

ሽማግሌዎቹ ገና ከኔ ኋላ ከመታጠፊያው እየመጡ ነበር። የጋሽ ደርበው በር ተከፈተ። ብቻቸውን ወጡ፣ በሩን ከኋላቸው ገርበብ አድርገው። ካፖርታቸውን ለብሰዋል፣ እስከ አንገታቸው ቆልፈውታል። ያንን የተረገመ ጡሩምባ ይዤ ተገትሬ አዩኝ። ፈገግ አሉ።

"ምነው ፕላስቲክ" አሉኝ። "በጠዋት ደግሞ ምን ፊልም ልታሳየን ነው?"

ከኋላዬ የብዙ ሰው እግር ይሰማል። ጋሽ ደርበው ከትከሻዬ በላይ አሻግረው ተመለከቱ፤ ሐጂን አዩ፣ ጋቢዎቹን አዩ፣ ነጠላዎቹን አዩ፣ በመሐላቸው ከደብረ ማርቆስ የመጣችውን ልጃቸውን አዩ። እጃቸው ወደ ደረት ኪሳቸው ሄደ፣ ናሷን ከውጭ በመዳፋቸው ያዙ። ፈገግታው ከፊታቸው እስኪጠፋ ብዙ ጊዜ ወሰደ። የቀረውን እንኳ ልለፈው።

ከዚያ በኋላም እሁድ እሁድ መምጣታቸውን አልተዉም። በሩ ላይ መቆም ግን አቆሙ። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፣ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው። ቤቱ ገባ ወይ ብለውም ሁለተኛ አልጠየቁም። ያቺ ጥያቄ ስትቀር ፊልሞቹ ሁሉ ያላለቁ ይመስሉኝ ጀመር፤ ሰዉም ካጨበጨበ በኋላ ሳይነሳ ትንሽ ይጠብቃል።

የሰፈሩን ሰው ሞት ግን መንፋታቸውን ቀጠሉ። አንድ ቀን፣ በሌላ ግንባር ደግሞ ተኩስ ተጀመረ የሚል ወሬ በመጣ ሰሞን፣ አዳራሹ በወጣት ሞልቶ ሲያጨበጭብ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ጦርነት ጆንያ ነው አሉኝ፤ አፉ ሰፊ ነው፣ ሁሉን ያስገባል፤ ሲሞላ አፉን የሚሰፋው ግን ሌላ ሰው ነው። ከዚያ ልጆቹን አንድ በአንድ፣ ከፊት ወንበር እስከ ኋላ፣ ዓይናቸውን እያዘዋወሩ አዩ።

"ከነዚህ ለየትኛው ይሆን የምነፋው?" አሉ።

ለአንዳቸውም አልነፉም። ቀደሟቸው። ያቺን የቴሌግራም መልዕክት እያየሁ ሱቄ በር ላይ ቆሜ ሳለ ሰው ተልኮብኝ ሄድኩ። እትዬ ዘውዴ በመሐረብ የተጠቀለለች ነገር በእጄ ላይ አኖሩ። ናሷ ናት። እድር ቤት ሄጄ ጡሩምባውን አወረድኩ፣ ናሷን ሰካሁ፣ ነፋሁ። ሦስተኛዬ ነው። ፍየሉ አልጮኸም። ከዚያ ከኔ ደረት ይወጣል ብዬ ያላሰብኩት ድምፅ ወጣ፤ በርበሬ በረንዳ ድረስ ተሰምቷል አሉ።

በሰልስቱ ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሲቀንስ እትዬ ዘውዴ ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ናሷን ልመልስላቸው ብል እጄን ገፋ አደረጉት። ከዚያ ስለዚያ ሐሙስ ጠዋት አነሱ። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር አስቆሙኝ።

"ያጠፋህ መስሎህ ይኸው ስታየኝ አንገትህን እንደ ደፋህ አለህ" አሉኝ። "እሱ እኮ ያን ሌሊት አልተኛም። ከማክሰኞ ጀምሮ አልተኛም። ካፖርቱን ለብሶ፣ ቆልፎ፣ ወንበር ላይ ነው ያነጋው። ጡሩምባህን ስሰማ ብድግ አልኩ። ትከሻዬን ይዞ መልሶ አስተኛኝ። 'ያ ቀልደኛ ነው፤ ፊልም ነው፤ አንቺ ትንሽ ተኚ' አለኝና ወጣ። አምኜው ተኛሁ። ስንት ደቂቃ ትሆናለች? እንቅልፍ ተኝቼ የማውቀው እሷን ነው፤ ከዚያ ወዲህ የለም።"